እድር አለው፣ መድን የለውም

በዚህ ሳምንት ስለ ታይፎይድ ምርመራ እንደምጽፍላችሁ ቃል ገብቼ ነበር። አንድ ታካሚ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ታይፎይዱ ለሚቀጥለው ይቆየን። የዛሬው ረዘም ያለ የታሪክ ጽሑፍ ነው። በተለይ ልጃችሁ 18 ዓመት የሞላው ወይም ሊሞላው የተቃረበ ወላጆች፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት አንድ የ23 ዓመት ወጣት በጓደኞቹ ተደግፎ መጣ። ባጃጅ ይነዳል። ሆዱን ካመመው ሦስት ቀን ሆኖታል። መጀመሪያ እምብርቱ አካባቢ ነበር፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወደ ታች ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን ሆዱ በሙሉ እንደ ጣውላ ደርቋል። ይህን የሰማ ሐኪም ሁሉ ትርፍ አንጀት ነው፣ ምናልባትም ፈንድቷል ብሎ ይጠረጥራል። «ለምን እስካሁን ቆየህ?» አልኩት። «ብር እስካገኝ ነው ዶክተር» አለኝ።

ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፣ ብዙ ቀን ተኛ፣ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒትም ነበረበት። ቤተሰቡ ጊደር ሸጠው ከፈሉ። እናቱ ኮሪደር ላይ አገኙኝና ወጪውን በጣታቸው ቆጥረው ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተሬ፣ የሚገርመው ቢሞትብኝ ኖሮ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም ነበረ። እድሩን በየወሩ ይከፍላል እኮ።»

እውነታቸውን ነው። ልጁ ከባጃጅ ጓደኞቹ ጋር እድር አለው፤ አንድ ወር እንኳ አላሳለፈም። የቤተሰቡ የጤና መድን ደብተር ላይ ግን ስሙ የለም። 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ነበረ። ከዚያ በኋላ ለእሱ ተጨማሪ መክፈል ሲያስፈልግ አባቱ «እሱ ምን ይሆናል፣ ብረት ነው» ብለው ተዉት። አባትየውን አልወቅስም። እኛ ቤትም ቢሆን እንዲሁ ነበር፦ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል እናቴ መጀመሪያ ያለችኝ «እድር ግቢ» ነው። ብትታመሚ በምን ትታከሚያለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ለቀብራችን በየወሩ እየከፈልን ለሕመማችን መክፈል ለምን ይከብደናል? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት ታሪክ ከራሳችን ሰፈር የሚነሳ ሆነ።

እድርን ያጠኑ ሰዎች ስለ አጀማመሩ ሲጽፉ ብዙዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ወደ ተሰደዱት ጉራጌዎች። እስቲ ሁኔታውን አስቡት። አገር ቤት ሰው ሲሞት መንደሩ ሁሉ ይወጣል። ጉድጓዱን የሚቆፍር፣ ሬሳውን የሚሸከም፣ ለለቀስተኛው ቆጮና ቡና የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ግን ሊሸከም፣ ሊነግድ፣ በቀን ሥራ ሊያድር የሄደ ሰው አጎት የለው፣ አማች የለው። ቢሞት ማን ያነሳዋል? ስለዚህ ከአንድ አካባቢ የመጡት ተሰባሰቡና በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ማዋጣት ጀመሩ። በኋላ ነገሩ ከጉራጌ አልፎ ጎረቤቱን ሁሉ ያዘ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በከተማው ተስፋፋ፤ ዛሬ እድር የሌለበት የኢትዮጵያ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል።

እኔን የሚገርመኝ የመሥራቾቹ ዕድሜ ነው። እንጀራ ፍለጋ በእግሩ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በአብዛኛው ጎረምሳ ነው። ኩንታል የሚሸከም ትከሻ ያለው ሰው ነው ስለ ቀብሩ ቁጭ ብሎ የመከረው። ያን ጊዜ «ወጣት ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ቢሉ ኖሮ እድር የሚባል ነገር ባልኖረን።

ደንቡንም ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አዲስ ሰው እድር ሲገባ የመግቢያ ይከፍላል፤ ብዙ እድር ውስጥ ይህ መግቢያ ነባሮቹ እስካሁን ካጠራቀሙት ድርሻ ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። መዋጮ ያቆየ ይቀጣል፣ አብዝቶ ያቆየ ይሰረዛል። አባቱ አልጋ ላይ ወድቆ እያጣጣረ «ዛሬ መዝግቡኝ» ብሎ የሚመጣን ሰው የትኛውም የእድር ዳኛ እሺ አይለውም። ሽማግሌዎቹ የኢንሹራንስ ትምህርት አልተማሩም፤ ግን ዋናውን ነገር ያውቁት ነበር። ችግሩ ከደረሰ በኋላ ብቻ የሚገባ ሰው ሲበዛ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል።

እድር ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ገንዘቡ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ለታመመ አባል ብድር የሚሰጥ፣ ጥቂት መደጎሚያ የሚያወጣ እድር አለ፤ የአብዛኛው ደንብ ግን ስለ ሞት የተጻፈ ነው። የሕዝብ ጤና ምሁራን ይህን አይተዋል፤ እድር ለሕክምና ወጪም አማራጭ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ የያዘ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም አቀፍ መጽሔት ታትሟል። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። አንድ ችግር ግን አለ፤ ሞት አንዴ ይመጣል፣ ወጪውም ይታወቃል። ሕመም ይመላለሳል፣ ወጪው አይታወቅም፣ የሰፈር ሳጥንም አንድ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሊያራቁተው ይችላል። ቋቱ ከሰፈር መስፋት ነበረበት።

የዚህ አካባቢ ሰው ለሰፋ ነገር ማዋጣትንም ያውቃል። በ1954 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመውን የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቋቸው። ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ከመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። መርካቶ የሚነግደው ሰው አገር ቤት ለሚሠራ መንገድ ገንዘብ አዋጣ፤ ራሱ በዚያ መንገድ በዓመት አንዴ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ብቻ ነው የሚመላለሰው። ዛሬ ምጥ የያዛትን እናት አምቡላንስ የሚያመጣባቸው አንዳንድ መንገዶች በዚያ መዋጮ የተጀመሩ ናቸው።

በሌላው ዓለምም ነገሩ የተጀመረው እንደኛው ከሥር ነው። ጀርመን ውስጥ መንግሥት ከመግባቱ ብዙ ዘመን በፊት የማዕድን ቆፋሪዎች ማኅበራት ለተጎዳ ጓደኛቸው ያዋጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 በቢስማርክ ዘመን የወጣው ሕግ ያንን ልማድ ወስዶ ለሠራተኞች ግዴታ አደረገው። ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍል ነበር። ግዴታ የሆነበት ምክንያት ያው የእድር ዳኛው ምክንያት ነው፤ ጤነኛው ካልገባ የታመመው ብቻውን አይችለውም።

ወደኛ እንመለስ። በ1990 ዓ.ም. መንግሥት የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ የሚባል አወጣ። ጤና ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው መድኃኒትና ዕቃ እንዲያውሉ መንገድ የከፈተ ነው። ቲቢ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ በጤና ጣቢያ መውለድ የመሳሰሉት በነጻ ይሰጣሉ፤ በጣም ደሃ የሆነም ከቀበሌው የነጻ ሕክምና ወረቀት ያመጣል። በመሐል ያለው ግን፣ ማለትም ደሃ ተብሎ ወረቀት የማይሰጠው፣ ሀብታምም ያልሆነው፣ አብዛኞቻችን፣ ከኪሳችን እንከፍላለን። ትርፍ አንጀት በነጻው ዝርዝር ውስጥ የለም። ከባጃጅ ወድቆ የተሰበረ እግርም፣ የሐሞት ጠጠርም እንዲሁ።

ይህን ለመድፈን ሁለት ዓይነት መድን ታሰበ። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ። ሐሳቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያ ጤና መድን ኤጀንሲ (የዛሬው የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት) ተቋቋመ። የደመወዝተኛው መድን የሚጀመርበት ቀን ግን ስንት ጊዜ እንደተራዘመ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እናውቀዋለን። እዚህ ላይ ትንሽ ልሳቅ፤ በየቀኑ የሌላውን ሰው የመድን ደብተር የምፈርም ሐኪም፣ ደመወዝተኛ ስለሆንኩ የማኅበረሰብ አቀፉ አይመለከተኝም፣ የደመወዝተኛው ደግሞ አልደረሰልኝም።

ሁለተኛው፣ ለገበሬው፣ ለነጋዴውና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው የታሰበው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በደቡብ ከተመረጡት ውስጥ ጉራጌ አልነበረበትም፤ እኛ ጋ የደረሰው ከሙከራው በኋላ ሲሰፋ ነው። በነገራችን ላይ ለወጣቶቹ፦ ያኔ ወልቂጤም ቡታጅራም በአንድ ጉራጌ ዞን ውስጥ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ስለዚህ የመድን ጉዳይ ስትጠይቁ የራሳችሁን ከተማ ወይም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የጎረቤት ወረዳ አሠራርና የመዋጮ መጠን ከእናንተ ሊለይ ይችላል።

መድኑ ሲነደፍ የተወሰነ አንድ ነገር አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው። የሚመዘገበው ቤተሰብ እንጂ ግለሰብ አይደለም። ለምን? ቤት ውስጥ ስኳር ያለባቸው አያት ብቻ እንዲመዘገቡ ቢፈቀድ ሁሉም ቤት አያቱን ብቻ ነበር የሚልከው። ለምሳሌ መቶ ሰው እኩል ሲያዋጣና በዓመት አሥሩ ሲታመሙ የእያንዳንዱ መዋጮ ትንሽ ነው። ጤነኞቹ ዘጠናዎቹ ከወጡ ግን አሥሩ ሰዎች የራሳቸውን ወጪ ራሳቸው ይከፍላሉ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ መድን መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ እናት፣ አባትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ፣ በአንድ ደብተር ተያዙ። የሌላቸውን ክልልና ወረዳ እንዲከፍሉላቸው ተደረገ። የእድሩ ደንብ፣ በሰፊ ቋት ላይ።

በ18 ዓመት ግን መስመር ተሰመረ። ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ቢኖርም ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅበታል። የኔ ታካሚ የወደቀው በዚህ ስንጥቅ ነው። ሌላ አገርም ይህ ስንጥቅ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ወጣቶች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ ሥር እንዲቆዩ የፈቀደው ስለዚህ ነው። ከትምህርት ወጥቶ ቋሚ ሥራ ሳይዝ ያለው ዕድሜ በየትም አገር መድን የሚጠፋበት ዕድሜ ነው።

«ግን ዶክተር፣ ልጄ እኮ ታሞ አያውቅም» የሚለኝ ወላጅ ብዙ ነው። እውነት ነው፤ ወጣት ከሽማግሌ ያነሰ ይታመማል። ይህን አልክድም፣ ላስፈራራችሁም አልፈልግም። ነገር ግን የወጣት ሕመም ጠባዩ የተለየ ነው፤ እምብዛም አይመጣም፣ ሲመጣ በድንገት ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ወይም መተኛት ይፈልጋል። ትርፍ አንጀት በአብዛኛው የሚይዘው ከ10 እስከ 30 ባለው ዕድሜ ነው። የመንገድ አደጋ የወጣት ነው። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የጀመረ የልብ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በ20ዎቹ ዕድሜ ነው፤ ሴት ልጅ ላይ ደግሞ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ላይ።

ሌላም አለ፤ ቡታጅራ ራሷ ለዓለም ያስተማረችው። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በአሥር ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። እዚያው ቡታጅራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ለከባድ የአእምሮ ሕመም ቤታቸው ድረስ ተጠይቀዋል። ስኪዞፍሬኒያ የተገኘባቸው ሰዎች ሕመሙ በአማካይ የጀመራቸው በ20ዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ነው። ያውም ትናንት እርሻ ሲያርስ፣ ገበያ ሲሄድ የነበረ ሰው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለወራትና ለዓመታት የሚወሰድ ነው፤ መድን የሌለው ቤተሰብ መድኃኒቱን መሐል ላይ ያቋርጣል፣ ልጁም ይመለስበታል። ይህን በክሊኒኬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከትርፍ አንጀቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፣ ምክንያቱም ጊደር ሸጦ አንዴ የሚዘጋ ዕዳ አይደለም።

ሳይታመሙ ቀድሞ መዘጋጀት ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ደግሞ ወደ ወልቂጤ አቅጣጫ ይሂድና የአጣጥ ሆስፒታልን ታሪክ ይጠይቅ። እዚያ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለ። ሩቅ የሚኖሩና ስጋት ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው ይቆያሉ። በ22 ዓመት ውስጥ የነበሩ 24,148 ወሊዶች ሲጠኑ፣ በማቆያው በኩል ከገቡት ውስጥ የእናቶች ሞት ከ100 ሺህ ወደ 90 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ሆኖ ተገኘ። እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልጨምር፤ በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የመጡ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን እነዚያ ሴቶች ማቆያው ሲገቡ አብዛኞቹ ምንም የሚያማቸው ነገር አልነበረም።

መድኑ ይሠራል ወይ? የሙከራ ወረዳዎቹን ቤተሰቦች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ አባል የሆኑት በመንግሥት ጤና ተቋም ተመላላሽ ሕክምና የመጠቀማቸው ነገር ከ30 እስከ 41 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። ወደ መንግሥት ተቋም አንዴ ሲሄዱ የሚያወጡት ወጪም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በኔ ቋንቋ ስተረጉመው፣ ሰው «ብር እስካገኝ» ማለት ይተዋል።

የምሰማውን ቅሬታም ልደብቃችሁ አልችልም። «ደብተር ይዤ ሄጄ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ ተባልኩ።» እውነት ነው፣ ያጋጥማል፤ እኔም የለም ተብዬ ለታካሚ መንገር ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ነው። ደብተር ያለው ሰው ብዙ ይጠብቃል የሚልም አለ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ሊያስከፍል ይችላል፣ ስለዚህ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ውጭ አገር መታከም አይሸፈንም። ይህን ሁሉ አውቄም ቢሆን ያለ ደብተር ከሚመጣው ይልቅ ይዞ የሚመጣውን በሽተኛ ማከም ይቀለኛል። ምርመራ ሳዝለት ፊቱን አያለሁ፤ ዋጋውን እያሰላ አይደለም።

ታዲያ እናንተስ? ልጃችሁ ከ18 በላይ ሆኖ ቤታችሁ የሚኖር ከሆነ ደብተራችሁን ስታድሱ ስሙ እንዳለ አይታችሁ ተጨማሪውን ክፈሉ። መጠኑን ቀበሌ ይነግራችኋል። በብዙ ቦታ ምዝገባና እድሳት በዓመት አንዴ፣ ከመኸር መልስ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖረው ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል፣ ለአዲስ አባልም አገልግሎቱ የሚጀምርበት ቀን የተወሰነ ነው። የእድሩ ዳኛ ነው፤ ልጃችሁ አልጋ ላይ ሆኖ ብትለምኑትም አይሰማም። አግብታችሁ ጎጆ የወጣችሁ ወጣቶች ደግሞ ከወላጆቻችሁ ደብተር ወጥታችኋል፤ የራሳችሁን ቤተሰብ አስመዝግቡ። ሠርግ ላይ ለአጃቢ መኪና ያወጣችሁትን አስታውሳችሁ፣ መዋጮውን ከዚያ ጋር አስተያዩት።

የሚከብደኝ ጥያቄ አዲስ አበባ የሄደው ልጅ ነው። የኛ አካባቢ ወጣት ግማሽ ሕይወቱ እዚያ ነው። ደብተሩ ውሉ ካለበት ጤና ተቋም ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ አባቱ ደብተር ላይ ስሙ ቢኖርም መርካቶ ላይ ሲታመም ደብተሩ ቤት፣ እሱ እዚያ ይሆናል። አዲስ አበባም የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ስላላት፣ የቀበሌ መታወቂያ አውጥቶ እዚያ ኑሮ የመሠረተ ልጅ በሚኖርበት ወረዳ ይመዝገብ። እየተመላለሰ የሚሠራ ከሆነ ግን የወላጆቹ ደብተር ላይ መቆየቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቀን ሰጥቶ የሚጠብቅ ሕመም ሲሆን መቼም ወደ ቤቱ መምጣቱ አይቀርም።

በግል ድርጅት የተቀጠራችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር የሕክምና ውል እንዳለው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ኩባንያዎቹ የሚሸጡት ለድርጅት በቡድን ነው። ውል አለ ከተባላችሁ «አለ» በሚለው አትርኩ። የዓመት ጣሪያው ስንት ነው? መተኛትና ቀዶ ሕክምና አለበት ወይስ ተመላላሽ ብቻ? ከፍሎ ደረሰኝ ማምጣት ነው ወይስ ሆስፒታሉ በቀጥታ ከኩባንያው ይቀበላል? ከመቅጠራችሁ በፊት የነበረ ሕመም ይሸፈናል? ሥራ የለቀቃችሁ ዕለት ውሉ ያበቃል? ለጤነኛ ወጣት ከነዚህ ሁሉ ትልቁ የመተኛትና የቀዶ ሕክምናው ነው። ጉንፋኑን ከኪሳችሁ ትችሉታላችሁ።

ለእድር ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። እድራችሁ ውስጥ ወጣት አባላት ካሉ፣ በእድሳት ወር የመድን መዋጮውን ከእድሩ መዋጮ ጋር አብራችሁ ብትሰበስቡና ጸሐፊያችሁ ቀበሌ ይዞ ቢሄድ ምን ይከብዳል? መዝገብ አላችሁ፣ ገንዘብ ያዥ አላችሁ፣ ያላመጣውን መቅጣትም ታውቁበታላችሁ።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ቁስሉን ሊያሳየኝ መጣ። ደህና ሽሯል፣ ትንሽ ከስቷል። ያለፈው ሰኞ ቀበሌ ሄዶ እንደጠየቀ ነገረኝ፤ ምዝገባው እስከ ጥር አይከፈትም ተብሏል። እስከዚያ ባጃጇን ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት።